የቡና ቁርስና የኅሊና ወቀሳ፦ ራስን መንከባከብ ለጤናማ አመጋገብ ምን ያደርጋል?

ጤናማ አመጋገብ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቀድመን የምናስበው የሚቀረውን ነው። ስኳር ይቅር፣ ቅባት ይቅር፣ ነጭ ዳቦ ይቅር፣ ማታ መብላት ይቅር። ግፊትህ ወይም ስኳርህ ከፍ ብሏል የተባለ ሰው ከሐኪም ቤት የሚወጣው እርም የሚላቸውን ነገሮች እየቆጠረ ነው። ቤተሰቡም ይህን ተቀብሎ ዘብ ይቆማል፤ ልጅ የአባቷን የስኳር ማንኪያ ትቆጥራለች፣ እናት ቅቤውን ከዓይን ታርቃለች። አንድ ሁለት ሳምንት እንዲህ ይዘለቃል። ከዚያ ልደት ይመጣል፣ ወይም ለቅሶ፣ ወይም ሥራ ያደቀቀው ምሽት፤ እርሙም ይፈርሳል። አንዴ ከፈረሰ በኋላ «በቃ ተበላሽቷል» ተብሎ የቀረው ቀን፣ አንዳንዴም የቀረው ወር አብሮት ይሄዳል።

ከዚህ የተለየ መንገድ የሚያሳዩ ተመራማሪዎችና ሐኪሞች ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ብዙ ጽፈዋል። የሐሳባቸው ፍሬ ይህ ነው፦ ሰው ጤናማ አመጋገብን ለረጅም ጊዜ የሚዘልቅበት ራሱን ሲንከባከብ ነው፤ በቂ ሲተኛ፣ ሲያርፍ፣ ተረጋግቶ ሲቀመጥ፣ የሚወደውንም ነገር በልኩና ልብ ብሎ ሲቀምስ። ሌሎች ደግሞ ይህ ለስንፍና የወጣ የቁልምጫ ስም ነው ይላሉ። እኔ ወደ መጀመሪያው ወገን አደላለሁ። ይሁን እንጂ ሐሳቡ በማስታወቂያ እንደሚቀርብልን ቀላል አይደለም፤ በእኛ ቤት ደግሞ ከኬኩና ከቸኮሌቱ በፊት መነሳት ያለበት ሌላ ጉዳይ አለ።

ክልከላ በሰው ላይ የሚያደርገውን በዝርዝር ካሳዩት ጥናቶች አንዱ የተካሄደው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 ባለው ጊዜ አንሰል ኪስ የተባለው ሳይንቲስት በአሜሪካው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የ36 ጤነኛ ወጣቶችን ምግብ ለ24 ሳምንት ወደ ግማሽ ግድም ቀነሰ። ወጣቶቹ ኅሊናችን ጦር መያዝ አይፈቅድልንም ብለው በምትኩ ለጥናቱ ራሳቸውን የሰጡ ነበሩ። ዓላማው በጦርነቱ የተራበውን የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ማወቅ ነበር። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ፤ ይልቁን የሚገርመው ግን ሐሳባቸው የሄደበት ነው። ከምግብ ሌላ ወሬ አልጥም አላቸው። የምግብ አሠራር መጻሕፍት መሰብሰብ ጀመሩ፣ ሳህን ላሱ፣ ሌሊት በሕልማቸው በሉ። ተደብቀው በልተው በጸጸት የተንገበገቡም ነበሩ። ምግቡ ሲመለስላቸው ደግሞ ሆዳቸው ሞልቶ እንኳ አልጠገቡም። እነዚህ ቆራጥነት የጎደላቸው ሰዎች አልነበሩም፤ ለእምነታቸው ሲሉ የአገራቸውን ትችት የተሸከሙ ሰዎች ናቸው። ረሃብ ግን አእምሮን ሲይዝ ቆራጥነትን አይጠይቅም።

እነዚያ በእርግጥ የተራቡ ናቸው። ያልተራበ ነገር ግን ራሱን የሚከለክል ሰውስ? እ.ኤ.አ. በ1975 ሄርማንና ማክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሴት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠርተው ለአንዳንዶቹ በወተትና በአይስክሬም የተመታ ጣፋጭ መጠጥ ሰጡ፣ ለሌሎቹ አልሰጡም። ከዚያ ሁሉንም አይስክሬም እንዲቀምሱ አደረጉ። በምግባቸው ላይ ቁጥጥር የማያደርጉት፣ መጠጡን ከጠጡ በኋላ አይስክሬሙን ቀነሱ፤ ጠግበዋልና። ሁልጊዜ ራሳቸውን የሚቆጣጠሩት ግን በተቃራኒው፣ መጠጡን ከጠጡ በኋላ የበለጠ በሉ። መጠጡ የዕለቱን ሕግ አፍርሶባቸዋል፤ ሕጉ ከፈረሰ ወዲያ የሚጠበቅ ነገር አልቀረላቸውም። በኋላ ሄርማንና ጃኔት ፖሊቪ ይህንን ጠባይ ለዓመታት ተከታትለው ጽፈውበታል። ከላይ ያልኩት «በቃ ተበላሽቷል» ማለት ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ሌላው ሥራቸው ለእኛ ይበልጥ የሚቀርብ ይመስለኛል። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ምግብ ትቀንሳላችሁ የተባሉ፣ ቀድሞም ራሳቸውን የመቆጣጠር ልማድ ያላቸው ሰዎች፣ ገና ምንም ሳይቀነስባቸው በዕለቱ የቀረበላቸውን ብስኩት ከሌሎቹ አብልጠው በሉ። ቅበላን ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሁዳዴ ሊገባ ሲል ሥጋ ቤቱ እንዴት እንደሚሞላ አይተናል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ቅበላ ቀን አለው፣ ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ፋሲካም ቀኑ የታወቀ ነው። ሁሉም አብሮ ይገባል፣ አብሮ ይወጣል። ሰኞ እጀምራለሁ የሚለው ሰው ግን በየሳምንቱ ቅበላ ላይ ነው፤ ፍቺውን የሚያበስርለትም የለም።

በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። የኦርቶዶክስ ጾም ለክብደት ተብሎ የሚጾም አይደለም፤ እንደዚያ አድርጎ ማቅረብም ነውር ነው። ሆኖም ስለ አመጋገብ የሚያስተምረው ነገር አለ። ለምእመናን በዓመት ወደ 180 የሚጠጉ የጾም ቀኖች አሉ፤ ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው በዓለ ኀምሳ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ጾሙም ፍስኩም በአንድ የዘመን አቆጣጠር ውስጥ ቦታ አላቸው። ዶሮ ወጥ የሚበላ ሰው ዶሮ ወጥ በመብላቱ ራሱን አይወቅስም፤ ቀኑ ነውና። በረመዳንም እንዲሁ ነው፤ በማፍጠሪያ ሰዓት ተምሩና ሳምቡሳው በይሁንታና በምስጋና ይበላል። ደስ የሚያሰኝ ምግብ የተከለከለ ሳይሆን ጊዜ የተሰጠው ነገር ነው። በፋሲካ ሰሞን ሐኪሞች በየዓመቱ ስለ ጥሬ ሥጋና ስለ ቅባት ብዛት የሚያስጠነቅቁት በከንቱ አይደለም፤ ጨጓራ 55 ቀን ከለመደው ነገር በአንድ ሌሊት አይወጣም። ጾም ሲፈታ አስቀድሞ ተልባ የሚያጠጡ አሮጊቶች ይህንን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

ስለ ጸጸት የተሠራ አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በኒው ዚላንድ ኩዬርና ቦይስ ሰዎችን የቸኮሌት ኬክ ሲታሰባችሁ የሚመጣባችሁ ጸጸት ነው ወይስ ደስታ ብለው ጠየቁ። ጸጸት ያሉት ከሌሎቹ የተሻለ ጤናማ ዕቅድ አልነበራቸውም። በምግባቸው ላይ ያላቸው የቁጥጥር ስሜት ዝቅ ያለ ነበር፤ ክብደታቸውንም ለመጠበቅ ይበልጥ ተቸገሩ። ይህ ዓይነቱ ጥናት ግንኙነትን እንጂ መንሥኤን አያረጋግጥም፤ ምናልባትም ቀድሞ የተቸገረው ሰው ነው የሚጸጸተው። ስለዚህ ከእሱ ጋር አዳምስና ሊሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡትን ሙከራ ደርቦ ማየት ያስፈልጋል። ሴት ተማሪዎች ዶናት እንዲበሉ ተደረገ፤ ከዚያ ለከፊሎቹ ብቻ፣ ሁሉም ሰው እንዲህ ያለ ነገር አልፎ አልፎ ይበላል፣ ራሳችሁን አትውቀሱ የሚል የማጽናኛ ቃል ተነገራቸው። ቀጥሎ ከረሜላ ቀረበ። ራሳቸውን ከሚቆጣጠሩት መካከል ማጽናኛውን የሰሙት ካልሰሙት ያነሰ በሉ። ራስህን ማር የተባለ ሰው ያለ ልክ ይበላል ብሎ የሚፈራ ብዙ ነው፤ እዚህ የታየው ግን ተቃራኒው ነው። እኔን በዚህ ጉዳይ ካሳመኑኝ ነገሮች ዋናው ይህ ነው።

ደስ ብሎ መብላት በሰውነት ውስጥም ምልክቱን ሳይተው አይቀርም። አሊያ ክረምና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሙከራ 380 ካሎሪ ያለውን አንድ መጠጥ ለተመሳሳይ ሰዎች ሁለት ጊዜ ሰጡ፤ አንዴ 620 ካሎሪ ያለው የቅንጦት መጠጥ ብለው፣ አንዴ 140 ካሎሪ ብቻ ያለው የጤና መጠጥ ብለው። ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን፣ ቅንጦት ነው ተብለው በጠጡ ጊዜ በጉልህ ወረደ፤ የጤና ነው ሲባሉ ግን ብዙም አልተነቃነቀ። ተሳታፊዎቹ 46 ብቻ ስለነበሩ ከዚህ ላይ ትልቅ ሕንጻ መገንባት አይቻልም። ቢሆንም «ምንም ጣዕም የለውም፣ ግን ለጤናዬ ነው» እያለ የሚበላ ሰው ቶሎ ለምን እንደሚርበው ፍንጭ ይሰጣል።

ልብ ብሎ መብላት የሚባለው ትምህርት በዘመናዊ ሕክምና ውስጥ የገባው በጆን ካባት ዚን በኩል ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የጭንቀት ማስታገሻ ትምህርት ሲጀምር፣ ሰዎችን አንድ ዘቢብ አስይዞ እንዲያዩት፣ እንዲያሸቱት፣ ቀስ ብለው እንዲያኝኩት ያደርግ ነበር። ከዚያ ጂን ክሪስቴለር ትምህርቱን ያለ ልክ የመብላት ችግር ላለባቸው ሰዎች አዘጋጀችው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመው የመጀመሪያ ሙከራዋ 18 ሴቶች በሳምንት ከአራት ጊዜ በላይ ያጋጥማቸው የነበረው ያለ ልክ መብላት ከሁለት ጊዜ በታች ወረደ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ የሚነጻጸር ቡድንም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የመጡት ትላልቅ ግምገማዎችም በዚህ ይስማማሉ፦ ያለ ልክ በመብላትና በስሜት ተገፍቶ በመብላት ላይ ትምህርቱ ይረዳል።

ክብደት ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይቀዘቅዛል። በካሊፎርኒያ 194 ሰዎች የተሳተፉበት ሰፊ ሙከራ ለአንዱ ቡድን ልብ ብሎ መብላትን ከተለመደው የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ትምህርት ጋር አዳምሮ፣ ለሌላው ደግሞ ልብ ብሎ መብላት የሌለበትን ትምህርት ሰጠ፤ ከ18 ወር በኋላ በክብደት ረገድ በሁለቱ ቡድኖች መካከል የታየው ልዩነት በስታቲስቲክስ የሚጸና አልነበረም። በባዶ ሆድ በሚለካ የደም ስኳር ግን ልብ ብለው የሚበሉት የተሻለ ውጤት ይዘው ቆዩ። ስለዚህ አንድ ሰው ልብ ብለህ ብላ፣ በወር ይህን ያህል ኪሎ ትቀንሳለህ ቢላችሁ አትመኑት። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው፤ ከምግብ ጋር ጠብ ማብቃቱ ላይ።

በዚህ መስክ መጠንቀቅ የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። ሳይታወቀን ስለምንበላው ነገር በዓለም ሁሉ ዝናው የወጣው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ብራያን ዋንሲንክ፣ ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ2018 የምርምር ሥነ ምግባር ጥሷል ብሎ ከወሰነበት በኋላ ሥራውን ለቋል፤ ከአሥር በላይ ጽሑፎቹም ተሰርዘዋል። ትንሽ ሳህን ተጠቀሙ፣ ዕቃውን ከዓይን አርቁ የሚሉት ምክሮች ብዙዎቹ ከእሱ ቤት የወጡ ናቸው። ምክሮቹ ሁሉ ውሸት ናቸው ማለት አይደለም፤ ያለ ጽኑ ማስረጃ ግን በእርግጠኝነት ሊነገሩ አይገባም።

ጸንቶ የቆመው የማስታወስ ጉዳይ ነው። ሱዛን ሂግስ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው ጥናት በዕለቱ ምሳ ምን እንደበሉ እንዲያስታውሱ የተደረጉ ሰዎች ከሰዓት በኋላ የቀረበላቸውን ብስኩት ቀነሱ። እ.ኤ.አ. በ2013 ኤሪክ ሮቢንሰንና ባልደረቦቹ 24 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ሐሳብ ተከፋፍሎ የተበላ ምግብ በዚያው ሰዓት አወሳሰድን እንደሚጨምር፣ በኋላ በሚበላው ላይ ደግሞ ከዚያ የባሰ እንደሚጨምር አገኙ። ቴሌቪዥን እያዩ ወይም ስልክ እየነካኩ የበሉት ምሳ በአእምሮ አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበ ምሳ ደግሞ እንዳልተበላ ይቆጠራል።

ለዚህ ሁሉ የእኛን ቡና ማንሳት ይገባል። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ግድም ነው እንበል። ሲኒው ረከቦት ላይ ተደርድሯል። ቡናው ታጥቦ ብረት ምጣድ ላይ ተቆልቶ ጭሱ በየሰው ፊት ይዞራል፤ እያንዳንዱ በእጁ ወደ ራሱ ስቦ ያሸታል። ይወቀጣል፣ ጀበናው ይጣዳል፣ ይንተከተካል፣ ወርዶ እስኪሰክን ይጠበቃል። በዚህ መሃል የቡና ቁርስ ይዞራል፤ ገብስ፣ ሽምብራና ሱፍ የተቀላቀለበት ቆሎ፣ ወይም ፈንዲሻ፣ ወይም ሽራፊ ዳቦ። ቆሎ በጥድፊያ አይበላም፤ በእፍኝ ተይዞ ጥቂት ጥቂት እየተባለ፣ እየተቆረጠመ፣ ወሬ እየተወራበት ነው የሚያልቀው። ከአቦል እስከ በረካ አንድ ሰዓት ያልፋል። ካባት ዚን በአንድ ዘቢብ ሊያስተምር የሞከረው ማየት፣ ማሽተት፣ መጠበቅ፣ ቀስ ማለት፣ ሁሉም እዚህ አለ፤ የእሱ ተማሪ ለብቻው ያደረገውን እኛ ተሰብስበን እየተጫወትን እናደርገዋለን። የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶችና የኬክ ቤቶች ቡና ይህንን ሥርዓት ወደ አምስት ደቂቃ አሳጥሮታል፤ በኬክና በማኪያቶ ተካው እንጂ ቁጭ ብሎ መጠበቁን አልተካውም።

ቡናው ግን ጉድለት የለበትም አልልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው መመሪያ ለምግብና ለመጠጥ የሚጨመር ስኳር ከቀኑ ጉልበት ከአሥር በመቶ በታች እንዲሆን ይላል፤ ይህ ለአንድ አዋቂ 50 ግራም ግድም ነው፤ ቢቻል ደግሞ ግማሹን፣ 25 ግራም ወይም ስድስት የሻይ ማንኪያ ቢሆን ይመክራል። ሦስት ሲኒ በሁለት ሁለት ማንኪያ ስድስት ማንኪያ ነው። የጠዋቱ ሻይና የምሳው ለስላሳ ሳይቆጠር የቀኑ ሞልቷል። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የኮካ ኮላ ጣሳ ብቻውን 35 ግራም ያህል ስኳር አለው። ስለዚህ ስለ ጣፋጭ ስናወራ የልደት ኬክን አንወቅስ፤ በዓመት ጥቂት ቀን ነው። ሳናስበው፣ ሳናጣጥመው፣ በየቀኑ የምንጠጣው ስኳር ነው ሂሳቡ ውስጥ የሚገባው። ከዚህ ስኳር አንዱን ማንኪያ መቀነስ ጣዕሙን ብዙ አያጎድለውም፤ ምላስም በጥቂት ሳምንት ይለምዳል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ያንን ቡና ያፈላችው ማን ናት? ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ቀድታ፣ ሲኒ አጥባ፣ ደግሞ ቀድታ፣ በመጨረሻ የበረካውን ጭላጭ ለራሷ ያስቀረችው? የብዙ ቤት እናት ምሳ ለልጆቿ አቅርባ፣ ባሏ እስኪመጣ ጠብቃ፣ እንግዳ ሲገባ የራሷን ድርሻ አንስታ ሰጥታ፣ በስተመጨረሻ ጓዳ ውስጥ ቆማ የድስቱን ወለል በእንጀራ ትጠርጋለች። ልጅ ያስተረፈውን ፍርፍር ለመጣል ትሳሳና ትጎርሳለች። ወጡ ጨው ማነሱን ለማወቅ ትቀምሳለች፣ ደግማ ትቀምሳለች። ማታ ሁሉም ሲተኛ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የምትቀመጠው፤ ዳቦ ቆርሳ ስኳር በበዛበት ሻይ ትበላለች። ይህች ሴት ሐኪም ዘንድ ቀርባ «እኔ እኮ ምንም አልበላም፤ ውፍረቱ ከየት እንደመጣ አላውቅም» ስትል አትዋሽም። ከላይ ያሉት ጥናቶች እንደሚጠቁሙት፣ ቆማ የጎረሰችው ሁሉ አልተመዘገበላትም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገር አቀፍ ደረጃ ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው ሴቶች ከአሥር አንድ አይሞሉም፤ በአዲስ አበባ ግን ወደ ሦስት ይጠጋሉ። የዚህ መንሥኤው ብዙ ነው፤ ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ መቀነሱ። ያረፉበትና የተቀመጡበት ምሳ ማጣታቸውም ግን ከምክንያቶቹ ውጪ ነው ብዬ አላምንም።

ለእንዲህ ያለች ሴት ስለ ራስን መንከባከብ ቸኮሌትና የገላ ክሬም ይዞ መምጣት ስድብ ነው። የሚያስፈልጋት ሳህን ነው፤ የራሷ ሳህን፣ ምግቡ ትኩስ ሳለ፣ ከሌሎቹ ጋር። ባልና ልጆች ውኃ ማምጣትና ሲኒ ማጠብ ከቻሉ ምሳዋን ተቀምጣ ትበላለች። በጋራ ማዕድ የመብላት ባህላችን ይህንን በቀላሉ ይፈቅዳል፤ ችግሩ ትሪውን ያቀረበችው ሰው ትሪው ዙሪያ አለመኖሯ ነው።

እንግዳ ተቀባይነታችንም በዚህ ላይ የራሱ ድርሻ አለው። «በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ» የሚለው ግፊት ፍቅር ነው፤ ጉርሻም እንዲሁ። የጠገበ ሰው ግን ሰውነቱ የሚለውን እንዳይሰማ ያደርጋል። ለአክስት አልበላም ማለት እንዴት እንደሚከብድ ያላየ የለም። መፍትሔው ልማዱን ማጥፋት አይደለም። አንዲት ትንሽ ጉርሻ ተቀብሎ፣ አጣጥሞ፣ «እሜቴ፣ እጅዎን ይባርከው፣ ጠግቤአለሁ» ማለት ይቻላል፤ አስተናጋጇም አንዴ ለምና ብትተው እንግዳዋን አታሳፍርም። የስኳር ሕመምተኛ የሆነ ዘመድን ደግሞ ደጋግሞ አለመለመን የአክብሮት ምልክት ሊሆን ይገባል።

ከሳህኑ በፊት ያለው እንቅልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ስፒግልና ባልደረቦቿ በቺካጎ 12 ጤነኛ ወጣቶችን ሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ አደረጉ፤ ከዚያ ይህንን አሥር ሰዓት አልጋ ላይ ካሳለፉባቸው ሁለት ሌሊቶች ጋር አነጻጸሩ። በእንቅልፍ እጦት ጊዜ ጥጋብን የሚያሳውቀው ሌፕቲን 18 በመቶ ቀነሰ፣ ግሬሊን 28 በመቶ ጨመረ፣ የረሃብ ስሜትም 24 በመቶ ከፍ አለ፤ ምኞታቸው ይበልጡን ወደ ጣፋጭና ወደ ስታርች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው የታሳሊ ሙከራ ደግሞ በሌላው አቅጣጫ ሄደ። ከስድስት ሰዓት ተኩል በታች የሚተኙ 80 ሰዎችን ወስዶ ለግማሾቹ እንቅልፋቸውን ማራዘም ብቻ አስተማራቸው፤ ስለ ምግብ አንድም ምክር አልተሰጣቸውም። በሌሊት ከአንድ ሰዓት በላይ ጨምረው ሲተኙ፣ በቀን በአማካይ 270 ካሎሪ ያህል ቀነሱ። ከማውቃቸው የአመጋገብ ምክሮች እንዲህ ያለ ቸርነት ያለው የለም።

ግን ማን ይተኛል? ከከተማ ዳር ተነስቶ ሥራ ለመድረስ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆም ሠራተኛ ቁርስ አይበላም፤ ምሳውን ሥራ ይበላበታል። ከሰዓት በኋላ በመንገድ ዳር ቦምቦሊኖ ወይም ብስኩት ገዝቶ ታክሲ ውስጥ ይውጠዋል፣ ማታ ሦስት ሰዓት ቤቱ ሲደርስ የቀኑን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይበላል። በገልፍ አገሮች በቤት ሠራተኝነት ካሉት እህቶቻችን የቤቱ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ የሚተኙ ብዙ ናቸው። በአሜሪካ ሁለት ሥራ የሚሠራው ወገናችንም እራቱን መሪ ይዞ ይበላል። ለእነዚህ ሰዎች ራሳችሁን ተንከባከቡ ማለት ባዶ ቃል እንዳይሆን፣ የሥራ ሰዓቱና የትራንስፖርቱ ነገር አብሮ መነሳት አለበት። በእጃቸው ያለው ትንሽ ነገር ምሳን አለመዝለል ነው፤ ከቤት የተቋጠረ ሽሮና እንጀራ፣ ወይም ቆሎና ሙዝ፣ የማታውን ውድመት ይቀንሳል።

የሚገዛው ነገር ጥራትም አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ኬቪን ሆል በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት 20 ሰዎችን ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ አደረገ። የቀረበው የስኳር፣ የስብና የአሰር መጠን ተመጣጣኝ ነበር። በተቀነባበረው ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፤ ፈጥነውም በሉ። ቺፕስና ክሬም ብስኩት ልብ ተብሎ እንዲበላ የተሠራ አይደለም። ራስን ማስደሰቻ ተብሎ በማስታወቂያ የሚቀርበው ደግሞ አብዛኛው ይኸው ነው። ቆሎ፣ ተምር፣ የተቀቀለ በቆሎ፣ ማንጎ በወቅቱ፣ በሠርግ ቀን የድፎ ዳቦ ቁራጭ ከማር ጋር፣ እነዚህ ያስደስታሉ፣ ይታኘካሉ፣ ያበቃሉም።

ይህ ሁሉ በቶሎ ሲለወጥ ምን እንደሚመጣ በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን አይተውታል። በ1977 ዓ.ም. ገደማ ቤተ እስራኤላውያንን ወደ እስራኤል ባጓጓዘው የሙሴ ዘመቻ ከደረሱት ብዙዎቹ ቀጭንና የስኳር ሕመም ያልነበረባቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ ጥናት በወጣት ስደተኞቹ መካከል ሕመሙ በጥቂት ዓመት ውስጥ በርክቶ መገኘቱን ዘገበ። ጤፉ በነጭ ዱቄት፣ የእግር መንገዱ በአውቶቡስ፣ ውኃው በለስላሳ ተተካ፤ ጭንቀቱም አብሮ ነበር። ጤና ብሪኡት የተባለው የማኅበረሰቡ ድርጅት በዚህ ላይ የሚሠራው በአማርኛና በራሱ በማኅበረሰቡ ምግብ ነው። እንጀራ ይቅር አይባልም፤ ስንት እንጀራ፣ ከምን ጋር የሚለው ይነገራል።

በአገር ቤትም የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው የመጀመሪያው የአመጋገብ መመሪያ የተጻፈው ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶ ያህሉ በተቀነጨሩባት አገር ነው። ምግብ ያጣ ቤት ስለ ጣፋጭ ልክ የሚያነሳው ጥያቄ የለውም። ይህንን ዘንግቶ ስለ ልብ ብሎ መብላት መጻፍ አይገባም።

የመጨረሻው ለስኳር ሕመምተኛ ነው፤ ለእሱ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኬክ መቅመስ ፈጽሞ አይከለከልም፤ በባዶ ሆድ ሳይሆን ከምግብ በኋላ፣ ትንሽ፣ የዕለቱን እንጀራ ወይም ዳቦ በዚያው ልክ ቀንሶ፣ ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ይሆናል። ለስላሳና ጭማቂ ግን ከዚህ ውጪ ናቸው፤ ደም ውስጥ በፍጥነት ይገባሉና። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው የደም ስኳሩ ወርዶ ሲያልበው፣ ሲንቀጠቀጥና ሲደናገር ያ ለስላሳ ተገልብጦ መድኃኒት ይሆናል፤ 15 ግራም ስኳር፣ ማለትም ሦስት የሻይ ማንኪያ ግድም በውኃ በጥብጦ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ ወዲያው መውሰድ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ መለካት፣ ካልተስተካከለ መድገም አለበት። ሰውዬው ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለውን ስኳር ሁሉ ከሕመምተኛው የሚደብቅ ቤተሰብ፣ ጥቂት ከረሜላ ኪሱ ውስጥ ሊያስቀምጥለት፣ ለምን እንደሆነም ለልጆቹ ሊነግራቸው ይገባል።